73939133 ይሰበራል ወይ?

ሐምሌ 3

ባሌ መሃድ ዛሬ ጠዋት በከባድ መኪናው ወጣ። ጅቡቲ። ስድስት ቀን፣ ቢበዛ ሰባት። ኩርፊያውን ይዞ ሄደ... እኔም የራሴን ይዤ ቀረሁ።

ልብስ አጠብኩ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ከተማው እንደ ልማዱ ጸጥ አለ። ሱቅ ሁሉ ተዘጋ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድሬ ሰው የለባትም። ይህን ሰዓት እወደዋለሁ። እናቴ ለማለት ሆዮ የምላት አማቴ ሃዎ ትተኛለች፣ ግቢው የኔ ይሆናል።

የኩርፊያው ነገር... ሐረማያ ለሁለተኛ ዲግሪ ተፈትኛለሁ፣ በሒሳብ። እሱ "እኔ መንገድ ላይ፣ አንቺ ሐረማያ፣ ቤቱ ለማን ነው?" አለ። አትሂጂ አላለም። መሃድ አትሂጂ አይልም። እንዲህ ብሎ ይተውሻል፣ ራስሽ እንድትቀሪ። ይህን መልስ ያገኘሁት መኪናው ከወጣ በኋላ ነው። ለኔ መልስ ሁሌ ከረፈደ ነው የሚመጣልኝ።

ቤት ውስጥ የምናወራው ሶማሊኛ ነው። ይህን ደብተር ግን በአማርኛ ነው የምጽፈው። ሆዮ ቁጥር እንጂ ፊደል አታውቅም። በዚህ ግቢ ቁልፍ ያለው ክፍሌ ይሄ ደብተር ብቻ ነው።

ሐምሌ 6

መሃድ ከድንበሩ፣ ከደወሌ ጻፈ። "73939133። ይሰበራል?"

የኛ ጨዋታ ነው፣ ከእጮኝነት ጀምሮ። የጫነው ኮንቴይነር ማሸጊያ ላይ ያለውን ቁጥር ይልክልኛል፣ እኔ ፕራይም መሆን አለመሆኑን እነግረዋለሁ። ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው ከሌለ "አይሰበርም" ነው። ካለ ደግሞ የሰበረውን ቁጥር መላክ አለብኝ። የሌላው ሾፌር ሚስት የልብ ሥዕል ይላክላታል። እኔ የኮንቴይነር ቁጥር።

አኩርፌያለሁ እኮ። ሳላካፍል "አዎ፣ በ7" ብዬ ላክሁ።

"አቦ ፈጠንሽ" አለ።

ሐምሌ 15

መሃድ ሞተ። የዚያኑ ዕለት፣ ሐምሌ 6፣ ከሰዓት በኋላ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለው።

ሌላ መጻፍ አልቻልኩም።

ሐምሌ 19

ነጭ አልብሰውኛል። ሽቶ የለም፣ ኩል የለም፣ ሒና የለም። ዒዳ ነው። ባሏ የሞተባት አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷ ትቀመጣለች። ሕጉ ሕጌ ነው፣ አልተቃወምኩም። ግን ሆዮ ከራሷ ጨመረችበት። በቀን ለጉዳይ መውጣት ይፈቀዳል ሲባል እሰማ ነበር። "የልጄ ሚስት ከዚህ በር አትወጣም" አለች። ስልኬንም ወሰደች። "ሐዘንተኛ ስልክ ምን ያደርግላታል?"

ስልኩ ውስጥ "አቦ ፈጠንሽ" አለ። እሱን እንኳ አላነበውም።

ቀኑን የያዘችው እሷ ናት። ፊቴ ቁጭ ብላ በጣቷ ቆጠረች፦ "ሐምሌ ስድስት፣ ነሐሴ ስድስት፣ መስከረም ስድስት፣ ጥቅምት ስድስት፣ ኅዳር ስድስት። ከዚያ አሥር። ኅዳር አሥራ ስድስት ትወጫለሽ።" እሺ አልኳት። ጥር ብትለኝም እሺ እል ነበር።

ሐምሌ 24

በ7 አይካፈልም።

ዛሬ ወረቀት ላይ ሠራሁት። ሁለት ይቀራል። ለባሌ የመጨረሻ የነገርኩት ነገር ውሸት ነው ማለት ነው። ትልቅ ውሸት አይደለም፣ አውቃለሁ። ሰው ቢሰማኝ ይስቅብኛል። ግን አምኖኝ ሄዷል... እንዴት አድርጌ ነው ይህን የምውጠው?

እንግዲያው እውነቱን እፈልግለታለሁ። ስልክ የለኝም፣ ካልኩሌተር የለኝም። ቀን ግን ሞልቶኛል።

ሥራው ቀላል ነው፣ ብዛቱ ነው እንጂ። ቁጥሩ የሚሰበር ከሆነ ከሁለቱ ስባሪዎች አንዱ ከ8,599 ያንሳል። ሁለቱም ከዚያ በላይ ከሆኑ ብዜታቸው ያልፈዋል። ስለዚህ እስከዚያ ባሉት ፕራይሞች ሁሉ አንድ በአንድ ማካፈል ነው። መጀመሪያ ግን ፕራይሞቹን ራሳቸውን ላግኝ። የመሃድ ታላቅ ወንድም ዒልሚ ልጆች ረስተውት የሄዱት ባለ ካሬ ደብተር አለ። ቁጥሮቹን እደረድራለሁ፣ የ3ን ብዜቶች እሰርዛለሁ፣ የ5ን፣ የ7ን... እየተሰረዘ ሄዶ የተረፈው ፕራይም ነው።

ሆዮ "ምን ትጭሪያለሽ?" አለችኝ። "ቁጥር" አልኳት። "የምን ቁጥር?" "የመሃድ።" ሻይ አስቀምጣልኝ ወጣች።

ነሐሴ 4

ከተራራው ዝናብ ወርዶ የደቻቱ ወንዝ ሞላ። ሲያጓራ እዚህ ድረስ ይሰማል። ሰፈሩ ሁሉ ሊያይ ሮጠ። እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜ ሰማሁት። በየዓመቱ የማየው ጎርፍ ነው፣ ምን ያስለቅሳል?

ስረዛው አለቀ። 1,070 ፕራይሞች። የመጨረሻው 8,597።

አንድ ነገር ግን አየሁ። የመሃድን ቁጥር ከቀኝ በኩል እየቆረጥኩ ደብተሩ ላይ ፈለግኩት። 7393 አልተሰረዘም። የመጨረሻዋን 3 ጣልኳት፣ 739። አልተሰረዘም። 73። አልተሰረዘም። 7ም ያው ነው። ምሳዬን ትቼ 73939ን እስከ 271 ድረስ አካፈልኩት። እሱም እምቢ አለ።

አጋጣሚ ነው? ጭራውን በቆረጥሽው ቁጥር የሚቀረው ሁሉ የማይሰበር? መሃድ ይህን አያውቅም። እሱ ያየውን ገልብጦ ነው የላከው።

ከነገ ጀምሮ ዋናው ሥራ።

ነሐሴ 9

ዛሬ አሥራ ሁለት። ከ283 እስከ 359። ሁሉም ቀሪ አላቸው። ጣቴ አበጠ።

ነሐሴ 12

ፋና መጣች። ዩኒቨርሲቲ አብረን ሒሳብ ተምረናል። አሁን ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት። "በዲግሪዬ የሸሚዝ ቁልፍ እቆጥራለሁ" ትላለች።

ጆሮዬ ላይ ተጠግታ "አልፈሻል ሃምዲ" አለችኝ። የሐረማያው ውጤት። ምዝገባው መቼ እንደሆነ ገና አልወጣም።

ምንም አልተሰማኝም። በኋላ፣ እሷ ከሄደች በኋላ ነው የተሰማኝ። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ፈገግ አልኩ። ከዚያ አፈርኩ።

ደብተሩን አሳየኋት። "አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ በስልኬ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።" ቦርሳዋን ስትከፍት እጇን ያዝኳት። "እንዳትነኪው። የጠየቀው እኔን ነው።"

"ታብጃለሽ።"

"አብጃለሁ፣ በሥርዓት ግን።"

ነሐሴ 25

ተሰበረ። በ1,511። ቀሪ ዜሮ።

ይኼው ነው እንግዲህ... ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። መልሱን አገኘሁለት። ግን ወገቤን የመታኝ ያህል ነው። ለካ እንዳይሰበር እየለመንኩ ነበር የማካፍለው።

ነሐሴ 28

ሦስት ቀን ደብተሩን አልነካሁም። ዛሬ ሥራ ሳጣ መልሼ ብሠራው፣ መቀነሱ ላይ አንድ አሃዝ ተሳስቻለሁ። 1,511 ሲባዛ 48,933... ቀሪው 1,370 ነው። ዜሮ አይደለም።

አልተሰበረም። ሆዮ ሃዎ ስስቅ ሰማችኝ። ሐዘንተኛ አትስቅም አለች። ልክ ናት።

ጳጉሜ 3

በዒዳ ላይ ላለች ሴት የጋብቻ ጥያቄ በግልጽ ማቅረብ አይፈቀድም። በጎን ማመልከት ግን ይቻላል። ሆዮ ሰሞኑን ጎን ብቻ ሆናለች።

"ዒልሚ ልቡ ሰፊ ነው።" ትናንት። "የዒልሚ ቤት ሦስት ክፍል ጨመረ።" ዛሬ ጠዋት። "ወንድም የወንድሙን ቤት አያፈርስም።" ዛሬ ማታ እራት ላይ።

ዱማል ነው ነገሩ። የሟች ወንድም መበለቲቱን ያገባል። ቤተሰብ እንዳይበተን። አያቴም በዱማል ነው ሁለተኛ የተዳረችው፣ ክፉ ኑሮ አልኖረችም። ግን ዒልሚ ሚስቱ ዴቃ አለችው፣ አራት ልጅ አለው፣ እኔ ደግሞ እንደ ወንድም ነው የማየው። አቦዌ እያልኩ ነው የምጠራው! ጥሩ ሰው ነው። ሲስቅ መሃድን ይመስላል... የሚከፋው እሱ ነው። ዕድሜ ልኬን የሚመስለውን እያየሁ ልኖር?

አልመለስኩላትም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ኧረ ይነቅዛል። ዝም ባልኩ ቁጥር እሺ እየተባለ ነው።

መስከረም 5

አዲስ የቀን መቁጠሪያ ከከዚራ አስመጣች፣ ፋርማሲ ያደለውን። ኅዳርን ገልጣ 16ን በቀይ ከበበችው። ከዚያ ሳሎን ሰቀለችው፣ ከመሃድ ፎቶ ሥር። ሳልፍ አላየውም። የቀረኝን ቀን ቆጥሬው አላውቅም፣ ልቆጥረውም አልፈልግም። ሰው ነጻ የሚወጣበትን ቀን ይቆጥራል። እኔ ስወጣ የምገባበት ሌላ በር ተዘጋጅቶልኛል።

ከክፍሌ እስከ ግቢው በር ሃያ ሦስት እርምጃ ነው። ፕራይም ነው። ምን ይጠቅመኛል?

መስከረም 22

ዛሬ አሥራ አምስት። ሙቀቱ አልወጣም። እስክሪብቶዬ አለቀ። ሆዮ ሳልጠይቃት ሁለት ገዝታ ትራሴ ላይ አስቀመጠች።

እንዲህ ስታደርግ ነው መጥላት የሚያቅተኝ።

ጥቅምት 4

አሥራ ሁለት። ሌላ የለም።

ጥቅምት 19

ፋና ከሥራ በቀጥታ መጣች፣ ጫማዋ ላይ ክር ተጣብቆ። "ምዝገባው ወጥቷል። ኅዳር 11 እና 12።"

"ሁለት ቀን ብቻ?"

"ሁለት ቀን ብቻ። በአካል። ደውዬ ለመንኳቸው እኮ። ሐዘን ነው አልኩ፣ ዒዳ ነው አልኩ። ሰውዬው አዘነ፣ በማርያም አዘነ። ግን ካልመጣች ቦታዋ ለተጠባባቂ ይሰጣል አለኝ።"

ኅዳር 11 እና 12። እኔ የምወጣው 16። አራት ቀን! ከአራት ወር ውስጥ አራት ቀን።

"ሾልከሽ ነይ" አለች። "አንድ ቀን ነው። ማን ያይሻል?"

እኔ አያለሁ። በቀን ለጉዳይ ይወጣል ቢባልም፣ የመሃድን ዒዳ በሽሽት አቋርጬ አልወጣም። ሕጉን ለሆዮ ብዬ አይደለም የጠበቅኩት። ፋና ተናደደች። "ታዲያ ለዒልሚ ልትዳሪ ነው?" አለች። "እሱ ቤት ሦስት ክፍል ተጨምሮልሽ?"

 ሐረማያ ካለ "ተመዝግቤያለሁ፣ ትምህርት ላይ ነኝ" እላለሁ። ሐረማያ ከሌለ ምን ብዬ ነው እምቢ የምለው? ሽማግሌ ፊት "አልወደውም" ይባላል? ያለ ሥራ፣ ያለ ትምህርት፣ ያለ ባል... በየት በኩል እወጣለሁ?

ጥቅምት 20

ታምሜያለሁ። ምንም የለኝም፣ ግን ታምሜያለሁ። አላካፈልኩም።

ጥቅምት 28

8,597። በመጨረሻው። 8,600 ጊዜ ይደርሳል፣ ቀሪ 4,933።

አይሰበርም።

አንድ ሺህ ሰባ ጊዜ አካፈልኩት፣ አንድ ሺህ ሰባ ጊዜ ቀሪ ተረፈ። አይሰበርም መሃድ። 7 አልነበረም። አኩርፌ ነው። ይቅር በለኝ።

የምልክበት የለኝም። ጮክ ብዬ ተናገርኩት፣ በቀትር፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ። ከዚያ አለቀስኩ፣ እስኪበቃኝ።

ጥቅምት 29

ቁጥሩ አለቀ። አሁን ምን ላድርግ? ጠዋት ተነስቼ ደብተሩን ገለጥኩ፣ የሚካፈል የለም። ግድግዳው ያን ያህል ቅርብ መሆኑን አላስተዋልኩም ነበር። ለካ ሦስት ወር ሙሉ እዚህ ቤት አልነበርኩም።

ኅዳር 1

ለፋና ነገርኳት። አሁን ፈልጊ አልኳት። ስልኳን ከፍታ አንብባ አፏን ያዘች።

የታወቀ ቁጥር ነው! ከቀኝ ስትቆርጪው የሚቀረው ሁሉ ፕራይም ነው፦ 7393913፣ 739391፣ 73939... እስከ 7 ድረስ። እኔ እስከ 73939 ደርሼበት ነበር። እንዲህ ካሉት ሁሉ ደግሞ ትልቁ እሱ ነው። ከኋላው ምንም አሃዝ ብትቀጥይበት ይሰበራል። መጨመር የለም።

"እንደ አንቺ" አለች ፋና። "ይቀነስብሻል እንጂ አይጨመርልሽም።"

"ተይ እባክሽ። ቁጥር ቁጥር ነው።" ሰው በሆነ ባልሆነው ሲያመሳስለኝ አልወድም።

ከሄደች በኋላ ግን አላስቻለኝም፣ ራሴ ሞከርኩት። ተጋማሾቹ አሃዞችና 5 ወዲያው ይወድቃሉ። 1 ብጨምር የአሃዞቹ ድምር 39፣ 7 ብጨምር 45፣ ሁለቱም በ3 ይካፈላሉ። 3 ብጨምር በ127 ተሰበረ። 9... እስከ 263 ሄጄ ደከመኝ። አንድ ቦታ ይሰበራል ተብሏል፣ አምናለሁ። ይህን ግን ማንም አልጠየቀኝም።

ኅዳር 3

እጄ ቁጥር ለምዷል፣ ዝም ብሎ አይቀመጥም። የሚቆጠር ሳጣ ቀኖቼን ቆጠርኩ። አራት ወር ሙሉ ያልቆጠርኩትን።

ከሐምሌ 6 እስከ ኅዳር 16። ሐምሌ ላይ 24። ነሐሴ 30፣ 54። መስከረም 30፣ 84። ጥቅምት 30፣ 114። ኅዳር 16፣ 130። ልክ ነው፣ አራት ሠላሳና አሥር። ደብተሩን ዘጋሁ።

መልሼ ከፈትኩት። ጳጉሜ የት ሄደች?

ጳጉሜ አምስት ቀን ነች። ጳጉሜ 3 ላይ እዚሁ ደብተር ላይ ጽፌያለሁ። እሷም ስትጨመር 135 ነው! ሆዮ ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት እያለች ከነሐሴ ወደ መስከረም ስትሻገር አምስቱን ቀን ዘላቸዋለች። እኔም አብሬያት። እኔ፣ የሒሳቧ!

ዒዳ ደግሞ በጨረቃ ነው የሚቆጠረው፣ በኛ ወር አይደለም። የጨረቃ ወር ከሠላሳ አይበልጥም። ሁሉም ሠላሳ ቢሆን እንኳ፣ ቢበዛ ቢበዛ፣ 130 ነው። 130ኛው ኅዳር 11 ነው።

ምዝገባው እስከ 12 ነው።

 ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት። አንዴ 1,511 ላይ ተሳስቻለሁ፣ ራሴን አላምንም። አራተኛም ቆጠርኩ።

ኅዳር 4

እንዴት ብዬ ልንገራት? ሸኽ ዐብዲቃድር ኒካችንን ያሰሩት፣ መሃድንም የቀበሩት እሳቸው ናቸው። በየሳምንቱ ዱዓ ሊያደርጉ ይመጣሉ፣ ከነገ ወዲያም ይመጣሉ። እሳቸው ፊት ባወራው ሆዮ ታፍራለች። የልጇን ዒዳ መቁጠር አቅቷት...

አይሆንም። ለራሷ እነግራታለሁ። ዛሬ።

በኋላ። ነገርኳት። ያምናውን ቀን መቁጠሪያ አውጥቼ ጳጉሜን አሳየኋት። ከነሐሴ ገጽ ግርጌ አንድ መስመር ሆና ተጨምቃለች። ሆዮ በጣቷ ነካቻት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"አምስት ቀን ልትወስጂብኝ ነው?" አለች።

"ሆዮ፣ የማንንም አልወስድም..."

"አንቺ ነጩን እስክታወልቂ ልጄ ገና እየሞተ ነው። ስታወልቂ ያልቃል።"

እጇን ያዝኩ። ሁለታችንም አለቀስን። አራት ወር ሙሉ አብረን ለቅሶ ተቀምጠን ለካ አብረን አላለቀስንም። ከዚያ ተነስታ ክፍሏ ገባች፣ ለራትም አልወጣች።

ኅዳር 6

ሸኹ መጡ። ዱዓው አለቀ፣ ሻይ ቀረበ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ። ዛሬም እንደማላወራው አውቄ ነበር። እሷ ካላነሳችው እኔ አላነሳውም ብዬ... በልቤ ግን ሐረማያን እየቀበርኩ።

"ሸኽ" አለች ሆዮ። "ጳጉሜ ይቆጠራል ወይ?"

ሸኹ ትንሽ ሳቁ። "ሃዎ፣ ቀን አይደለም እንዴ?" ትንሿን ማስታወሻቸውን አወጡ፣ ጨረቃ የታየችበትን ቀን ይጽፋሉ። መሃድ ሲሞት የተጀመረውን ወር ሠላሳ ሞሉት፣ ሌሎቹን ሦስቱን በጨረቃ። ሁለቱ ሃያ ዘጠኝ ነበሩ። "ከአሥሩ ቀን ጋር መቶ ሃያ ስምንት። ኅዳር ዘጠኝ ያልቃል።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ከዚያ በላይ ማስቀመጥ ለማንም አይፈቀድም" አሉ።

ሆዮ ከቆጠረችው ሰባት ቀን ቀደመ። ሆዮ "አልሐምዱሊላህ" አለች። ድምፅዋ ግን ልክ አልነበረም።

ኅዳር 9

ታጠብኩ። ነጩን አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። ቡኒ ድሪዓ ቀሚሴን ለበስኩ።

ሃያ ሦስቱን እርምጃ ሄጄ ከበሩ ወጣሁ። ጎዳናው ላይ ቆምኩ። ባጃጅ አለፈ፣ ሾፌሩ "የት ነው?" አለኝ። የት እንደሆነ አላውቅም ነበር። "ምንም" ብዬ ተመልሼ ገባሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኅዳር 10

ዒልሚ መጣ። ራሴ አስጠራሁት፣ ግቢው ውስጥ፣ ሆዮ በመስኮት እያየች። ሆዮ ቀድማ ሽማግሌ ለ16 ቀጥራለች፣ የዱማሉን ጥያቄ ይዘው ሊመጡ።

"አቦዌ" አልኩት፣ "እኔ ነገ ሐረማያ ለትምህርት እሄዳለሁ። የዱማሉን ነገር... አልችልም።"

አየኝ። ከዚያ ከንፈሩን ነከሰ፣ ሳቅ የሚይዝ ሰው እንደሚያደርገው። "አንቺ አይደለሽም እንዴ እሺ ያልሽው?"

"እኔ? ማን አለ?"

"ሆዮ። 'ሃምዲ ከቤቱ መራቅ አልፈልግም አለች' አለችኝ። የወንድሜ ሚስት ብላኝ እንዴት እምቢ እላለሁ? ዴቃ ሦስት ወር አላናገረችኝም።"

"እኔን ደግሞ 'ዒልሚ ልቡ ሰፊ ነው' ስትለኝ..."

"ልቤስ ሰፊ ነው። ቤቴ ነው የጠበበኝ።"

ሁለታችንም መስኮቱን አየን። መጋረጃው ተዘጋ። ነገ ራሱ መኪና ማቆሚያው ድረስ ሊያደርሰኝ ነው። ሳቀ፣ መሃድን መሰለ። አልሸሸሁም፣ አየሁት።

ኅዳር 11

ዒልሚ አሥራ ሁለት ሰዓት መጣ። የሆዮ በር ዝግ ነው። አንኳኳሁ። "ሆዮ፣ ልሄድ ነው።" መልስ የለም። "ሆዮ፣ ዱዓ አድርጊልኝ።" መልስ የለም።

ስልኬ ግን ሻንጣዬ ላይ ተቀምጧል፣ ቻርጅ ተደርጎ።

መንገድ ላይ፣ ደንገጎ ዳገት ላይ፣ ከፈትኩት። መልእክቱን አነበብኩ። ከሥሩ "አይሰበርም" ብዬ ጻፍኩ። አልላክሁትም። ማን ያነበዋል? አጠፋሁት። ፋና አጠገቤ ተኝታ ታንኮራፋለች፣ ፈቃድ ወስዳ ነው የመጣችው።

ኅዳር 12

ተመዘገብኩ። ብርድ ነው እዚህ።

ኅዳር 16

 ዒልሚ ከመሄዴ በፊት ለሽማግሌዎቹ እንዳይመጡ ሊነግራቸው ፈልጎ ነበር፣ ሆዮ "እኔ እነግራቸዋለሁ" ብላ ከለከለችው። ነግራቸው ይሆን? ክፍል ገብቼ አንድ መስመር አልጻፍኩም።

አሥር ሰዓት ላይ ደወለች። በሕይወቷ ራሷ ስትደውልልኝ የመጀመሪያዋ ነው። ሰላም ሳትለኝ "ሽማግሌዎቹ መጡ" አለች።

"ሳትነግሪያቸው?"

"ፍየሉ ታርዶ ነበር። ምን ላድርገው?"

አራት ሰው፣ አዲስ ሽርጥ ለብሰው፣ ሳሎን ተቀምጠው። በልተው ጨርሰው እጅ ታጥበው ትልቁ "እንግዲህ ልጅቷን ጥሪልን" አሏት።

"ምን አልሻቸው ሆዮ?"

ከኋላዋ የዴቃ ድምፅ ይሰማል፣ ሳህን ታጥባለች።

"ልጄ ትምህርት ሄዳለች አልኳቸው። የማን ልጅ አሉኝ። የኔ ልጅ አልኳቸው። ልጅ ደግሞ በዱማል አትሰጥም፣ ዒልሚ ወንድሟ ነው።"

 "ሰማሽ?" አለች። "ሰማሁ ሆዮ።" "ታዲያ ምን ዝም ትያለሽ፣ ሒሳቡ ይሄዳል" አለች፣ የስልኩን ማለቷ ነው።

የሚመጣው ቅዳሜ ወደ ድሬ እወርዳለሁ። ምን ላምጣልሽ ስላት ድንች አለች፣ የሐረማያ ድንች ቶሎ ይበስላል።